የማያያዣ ጥራትና የቤት ውስጥ ድምፅ፤ የጃጁራን ካሴቶች ምክንያት በማድረግ

በየቤታችን ስላለው የድምፅ መሣሪያ ስንነጋገር የምንጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የማን ሥራ ነው? ስንት ዋት ነው?» ቴፑን ከማጉያው፣ ማጉያውን ከስፒከሩ ስለሚያገናኘው ገመድ፣ ይልቁንም በገመዱ ጫፍ ላይ ስላለችው ትንሽ ብረት የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ስለዚህች ብረት የሚጨነቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው። ጠጋኙ የሚጨነቀው እየተበላሸች ስለምታስቸግረው ሲሆን ባለገንዘቡ ግን በወርቅ የተለበጠችውን ቢገዛ ዘፈኑ የሚያምርለት ስለሚመስለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ጠጋኙ ትክክል መሆኑን፣ ባለገንዘቡ ግን ግማሹን ብቻ ማወቁን ነው።

«የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው?» የሚል የሳይንስ ባልንጀራ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ በየሣጥኑ ውስጥ የምናገኘው የብራና ጽሑፍ አይደለም፤ ካሴት ነው። በሃዲያ አገር፣ በሶሮ ወረዳ፣ በጃጁራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከአልጋ ሥር የተቀመጠ አንድ ካርቶን ካሴት የሌለው አሮጌ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሠርግ አለበት፤ የመዘምራን መዝሙር አለበት፤ የሽማግሌ ምርቃትና የለቅሶ እንጉርጉሮ አለበት፤ የሚበዛውም በሃዲይኛ ነው። የተናገሩት ሰዎች ብዙዎቹ አርፈዋል። ይህንን ድምፅ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒዩተር ስንገለብጥ በመካከል ያለችው ጃክ ብትበላሽ የሚበላሸው የአንድ ምሽት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ቅጂ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ማያያዣ የምለው ምንን እንደ ሆነ ላስታውቅ። የጆሮ ማዳመጫው ጃክ ማያያዣ ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰካው ስፒና፣ የሚቀበለውም ሶኬት ማያያዣ ነው። በማጉያው ጀርባ ያሉት ቀይና ጥቁር የስፒከር መቆንጠጫዎች፣ በቴፑ ሆድ ውስጥ ድንጋዩን የሚይዙት ጠምዛዛ ሽቦዎች ሳይቀሩ ማያያዣዎች ናቸው። ባጭሩ ሁለት ብረቶች ሳይበየዱ ተነካክተው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉበት ቦታ ሁሉ ማያያዣ ነው። ሠፈራችን ሁሉንም ባንድ ቃል ይጠራዋል፤ መሣሪያው ዝም ሲል «ኮንታክት አይሰጥም» ይባላል። ጥሩ አባባል ነው።

እነዚህ ዕቃዎች ለዘፈን ተብለው የተፈጠሩ አለመሆናቸው ያስገርማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ በመንገዱ ላይ አንድም ማያያዣ አልነበረም። ድምፁ በጡሩምባ ገብቶ መርፌውን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ወፍራሙ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን በስልክ ማዕከል ውስጥ ሲሆን ስልከኛው የአንዱን ደንበኛ መስመር ከሌላው ጋር የሚያገናኘው እሱን እየነቀለና እየሰካ ነበር። ቀይና ነጭ ሆነው ጥንድ ጥንድ የሚመጡት ጃኮች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሠራቸው ከአሜሪካኑ አርሲኤ ኩባንያ ስማቸውን ወርሰዋል። አምስት እግር ያለው ክቡ ማያያዣ የጀርመኖች ነው፤ በአሮጌ ግሩንዲግና ፊሊፕስ ቴፖች ጀርባ ላይ ይገኛል። ቀጭኑ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ በመጀመሪያ የትራንዚስተር ራዲዮ ጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ሶኒ በ1979 እ.ኤ.አ. ዎክማንን ካወጣ በኋላ ግን ዓለምን ሁሉ ወረሰ። ካሴቱን ራሱን ፊሊፕስ ያወጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ ሪከርድስን ሲጀምር የአዲስ አበባ ሙዚቃ የሚሸጠው በሸክላ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ሸክላ ማጫወቻ የሚገዛው ባለጸጋ ነበር። ካሴት ግን በድንጋይ ይሠራልና መብራት ወዳልገባበት ገጠር ዘለቀ፤ ማንም ሰው ድምፁን ራሱ እንዲቀርጽ ያስቻለውም እሱ ነው። የጃጁራ ሣጥኖች የሞሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሁለት ብረቶች ተነካኩ ስንል በእርግጥ የተነካኩት ምን ያህል ነው? ሁለት የወፍጮ ድንጋዮች አንዱን ባንዱ ላይ ብታስቀምጡ የሚነካኩት በጎበጡት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ በቀረው ቦታ መካከላቸው ክፍተት አለ። የተወለወለ የሚመስለው ጃክም በአጉሊ መነጽር ቢታይ እንዲሁ ተራራና ሸለቆ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ተራራው ከተራራው ጋር በሚገናኝባቸው ጥቂት ጫፎች ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛው ግፊት ነው፤ በሶኬቱ ውስጥ ያለው ጸደይ ብረት ጃኩን አጥብቆ ሲይዘው ጫፎቹ ተደፍጥጠው መነካኪያው ይሰፋል። ሁለተኛው ንጽሕና ነው፤ በጫፎቹ መካከል ዝገት፣ ቅባት ወይም ጥላሸት ከገባ መንገዱ ይዘጋል። ጸደዩ የላላ፣ ፊቱ የዛገ ማያያዣ መጥፎ ነው። ጸደዩ የጠበቀ፣ ፊቱ የጠራ ማያያዣ ጥሩ ነው። ዋጋው በዚህ ውስጥ የሚገባው በተዘዋዋሪ ብቻ ነው።

ወርቁስ? በገበያ ላይ «ወርቅ ጃክ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለም ያለው ናስ ነው፤ እውነተኛ ወርቅ ቢሆንም በላዩ ላይ ያለው ልባስ እጅግ ስስ ነው። የሚበልጠው ሰው ወርቅ ከሁሉ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። መዳብ የሚያስተላልፈውን 100 ብንለው ብር 105 ያህል፣ ወርቅ 70 ያህል፣ አሉሚንየም 61 ያህል፣ ናስ ደግሞ እንደ ቅይጡ 28 ያህል ያስተላልፋሉ። እንግዲህ ወርቅ ከመዳብ ያንሳል። ወርቅን ለማያያዣ የመረጡት አለመዛጉን አይተው ነው። መዳብ በእርጥበት አረንጓዴ ይለብሳል፤ ብር ይጠቁራል፤ ወርቅ ግን ለዓመታት እንደ ነበረ ይኖራል። በሃዲያ ደጋ ክረምቱ ረጅምና እርጥብ ነው፤ በብዙ ቤት ምድጃው የሚነደው ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነውና የጭሱ ቅባት በሁሉም ነገር ላይ ያርፋል። በዚህ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይነቀል ለሚቀመጥ ጃክ የእውነት ወርቅ ልባስ ይጠቅመዋል። በየቀኑ ለሚሰካና ለሚነቀል ጃክ ግን መፋተጉ ራሱ ፊቱን ስለሚጠርገው ወርቁ ብዙም ትርፍ የለውም፤ እንዲያውም ስሱ ልባስ ቶሎ ያልቃል።

የጉዳቱን መጠን በቁጥር እንየው። ቴፕ ወደ ማጉያ በሚልክበት መስመር ላይ የማጉያው መግቢያ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 ኦም በላይ ነው። ማያያዣው አንድ ሙሉ ኦም ቢጨምርበት የሚጠፋው ከዐሥር ሺህ አንድ እጅ ነው። የሰው ጆሮ በዘፈን መካከል የአንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ለማስተዋል ይቸገራል፤ አንድ ዴሲቤል ደግሞ ቮልቴጁ ከመቶ ዐሥር ያህል ሲቀንስ ነው። ከዐሥር ሺህ አንዱን የሚሰማ ጆሮ በምድር ላይ የለም። እንግዲህ በዚህ መስመር ላይ ሁለት ጤነኛ ማያያዣዎች፣ አንዱ በሃያ ብር ሌላው በሁለት ሺህ ብር ቢገዙ፣ ድምፃቸው አንድ ነው።

በስፒከሩ በኩል ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፒከር ተቃውሞው 4 ወይም 8 ኦም ብቻ ነው። የዛገ መቆንጠጫ አንድ ኦም ቢጨምርበት ባለ 4 ኦሙ ስፒከር ከሚደርሰው ቮልቴጅ አምስተኛውን ያጣል፤ ኃይሉም ከመቶ ወደ 64 ይወርዳል። ይህ ሁለት ዴሲቤል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ ይሰማል። ከዚህም በላይ የስፒከሩ ተቃውሞ ለቀጭኑና ለወፍራሙ ድምፅ እኩል አይደለምና ኪሳራው በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም፤ የድምፁ መልክ ይለወጣል። ማጉያው የስፒከሩን ወረቀት ገትቶ የሚይዝበትም ኃይል ይላላና ከበሮው ተመትቶ ማቆም ሲገባው «ቡም» እያለ ይቀጥላል። ቀይና ጥቁሩ ባንደኛው ስፒከር ላይ ተገልብጦ ሲታሰር ደግሞ ምንም የዛገ ነገር ሳይኖር ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባልና። ሞንታርቦ ተከራይቶ ሠርግ የደገሰ ሰው «ቤዙ የት ሄደ?» እያለ ሲጨነቅ ያየ ሁሉ አስቀድሞ ይህንን ቢመረምር መልካም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው በድንጋይና በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ስድስት ድንጋይ የሚወስድ ቴፕ 9 ቮልት አለው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ጫፍ ይነካልና በትንሹ ዐሥራ ሁለት መነካኪያ አለ ማለት ነው። አንዱ ድንጋይ ፈስሶ ጠምዛዛውን ሽቦ ካዛገው ሞተሩ በሚጎትትበት ጊዜ ቮልቴጁ ይወርድና ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ እንቅልፍ እንደ መጣበት ሰው ይጎተታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ድንጋዩን ያወጣና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ይህ ሁላችንም ስናየው ያደግነው ነው። ፀሐዩ ጥቂት ያነቃዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የረዳው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ወጥቶ ሲመለስ የዛገው ፊት መፋቁ ነው። ሽቦው በእርጥብ ጥጥ ተጠርጎ ቢደርቅ ድንጋዩ ገና ሳምንት ይሠራ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አዲስ ድንጋይ ተገዝቶ በዚያው ዝገት ላይ ይቀመጣል።

በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ማጉያ ለሚያሠራ ቤትም ሒሳቡ ይኸው ነው። 10 አምፔር የሚስብ ማጉያ በላላ መቆንጠጫ ላይ 0.2 ኦም ቢያጋጥመው ከ12ቱ ቮልት 2ቱ እዚያው ይቀራሉ፤ 20 ዋት የሚያህል ሙቀትም በዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። ላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን በስፒከሩ ላይ ይላከካል።

ስለ ግድግዳው ስፒናም ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ይህ የኛ አገር ልዩ ጉዳይ ነው። ከሆሳዕና አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን የማያውቅ የለም። ከዚያ የሚመጣው ማጉያና ስፒከር ብዙ ጊዜ ሦስት ወፋፍራም ክብ እግሮች ባሉት በዚያ አገር ስፒና የተገጠመ ነው። የእኛ ሶኬት ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ክብ እግሮችን የሚቀበል ነው፤ በአሮጌ ቤት ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተሰለፈበት የጣሊያን ሶኬትም ይገኛል። የሁለቱ አገር መብራት በቮልቴጅም ሆነ በ50 ኸርትዝ ድግግሞሹ የሚስማማ ስለ ሆነ መሣሪያው ይሠራል፤ እንቅፋቱ ስፒናው ብቻ ነው። ታዲያ አንዳንዱ ሰው ስፒናውን ቆርጦ ይጥልና ሁለቱን ባዶ ሽቦዎች በክብሪት እንጨት ሶኬቱ ውስጥ ወትፎ ያስራቸዋል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ግን የሚሰካበት ስላጣ ተቆርጦ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደ ገባች ያለ ጉምጉምታ ከስፒከሩ ይጀምራል፤ ይህ የመብራቱ የራሱ 50 እና 100 ኸርትዝ ነው። የማጉያው ብረት ሲነካ የሚቆነጥጥም ይሆናል። ጉምጉምታው ያበሳጫል፤ ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል። እዚህ ላይ የማያያዣ ጥራት የሙዚቃ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። በትክክለኛ ስፒና መቀየር የአንድ ካቻቢቴ ሥራ ነው።

ጉምጉምታው በድምፅ ገመዱም ሊገባ ይችላል። በውስጡ ድምፁን የሚሸከም ሽቦ አለ፤ በዙሪያው እንደ ወንፊት የተጠለፈ ሌላ ሽቦ አለ፤ የውጭው የሚያገለግለው መጠለያ በመሆን ነው። ይህ መጠለያ በጃኩ ውስጥ ከተበየደበት ቦታ ቢለቅ ውስጠኛው ሽቦ አንቴና ይሆናል። ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ አስቀድሞ «ድድድ፣ ድድድ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል፤ መጠለያው የደከመ መሣሪያ ይህን ያበዛዋል። የዛገ መነካኪያ ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር ያደርጋል። በጥንት ዘመን የጋሌና ድንጋይና ቀጭን ሽቦ በማነካካት ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ራዲዮ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ፤ ዝገት በሁለት ብረቶች መካከል ሲገባ አንዳንዴ እንደዚያ ድንጋይ ይሆንና በሞንታርቦው ውስጥ ማንም ያልጠራው የራዲዮ ጣቢያ በሹክሹክታ ይናገራል። ምልክቱ ደካማ በሆነ መጠን ይህ ሁሉ ይብሳል። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሰጠው 5 ሚሊ ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ማጉያው ከመቶ ጊዜ በላይ ስለሚያበዛው በመንገድ የገባው ጉምጉምታም አብሮ ይበዛል። ማይክሮፎንም እንደዚሁ ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩት ጥፋት ሁሉ ራሱን የሚያጋልጥ ነው፤ ይንኮሻኮሻል፣ ይጎመጉማል፣ ይቆራረጣል። አሁን የምናገረው ግን በዝምታ የሚያጠፋ ስለ ሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ባለ ሁለት ጆሮ ጃክ ሦስት ክፍል አለው፤ ጫፉ ለግራ ጆሮ፣ ቀለበቱ ለቀኝ ጆሮ፣ ግንዱ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ። ግንዱ ኮንታክት ባይሰጥስ? ድምፁ ይጠፋል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አይጠፋም። የጋራ መመለሻው ስለ ተቋረጠ ኤሌክትሪኩ በግራው ማዳመጫ ገብቶ በቀኙ በኩል ለመመለስ ይገደዳል። ያን ጊዜ የምንሰማው ግራውንና ቀኙን ሳይሆን በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል የተቀረጸው ነገር እርስ በርሱ ይጣፋል። በስቱዲዮ በተሠራ ዘፈን ውስጥ እኩል የሚቀረጸው ዘፋኙ ነው፤ ስለዚህ ክራሩና ሳክስፎኑ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ እየተሰማ ዘፋኙ ብቻ ይሰወራል። ብዙዎቻችሁ በላላ የስልክ ጃክ ይህንን ሰምታችሁ ስቃችሁበት ይሆናል፤ ጃኩን ጥቂት ጠምዘዝ ሲያደርጉት ዘፋኙ ይመለሳል።

በጃጁራ ካሴት ላይ ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። በቤት ውስጥ የተቀረጸ ካሴት በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ ነው። ግራና ቀኝ የለውም፤ በሁለቱም በኩል ያለው ያው አንድ ድምፅ ነው። እንደዚህ ያለው ካሴት በስቴሪዮ ቴፕ ገብቶ ግንዱ በተቋረጠ ጃክ ቢደመጥ ልዩነቱ ምንም ሊባል ይችላል፤ የሚሰማው ሽሽታና እንደ ጉም የራቀ ማጉረምረም ብቻ ይሆናል። አያቱ ያዜሙትን ሊገለብጥ የተቀመጠ ተማሪ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አምስት ደቂቃ ያዳምጥና «ይህኛው ጠፍቷል፤ ዘመን በልቶታል» ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል። ካሴቱ ግን ምንም አልሆነም። ያረጀው የአንድ ጃክ ግንድ ነው። ጠፍቷል የተባለ ካሴት ደግሞ የሚጠብቀው ዕጣ የታወቀ ነው፤ ወይ ሌላ ነገር ይቀረጽበታል፣ ወይ ልጆች ክሩን ጎትተው አውጥተው ይጫወቱበታል። ሃዲይኛ ለረጅም ዘመን በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ የኖረ ቋንቋ መሆኑን የሚያስብ ሁሉ እዚህ የሚጠፋው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል። የከምባትኛውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውንም ካሴት «ጠፍቷል» ከማለት በፊት ጃኩን ነቅሎ በቴፑ በራሱ ስፒከር ማድመጥ የግድ ነው። የቴፑ ስፒከር ከውስጥ የተበየደ ስለ ሆነ በጃኩ ተንኮል አይታለልም።

በመገልበጥ ሥራ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በስልክ ላይ ያለው የጃክ ቀዳዳ አራት ክፍል ያለውን ጃክ የሚጠብቅ ነው፤ አራተኛው ክፍል ለማይክሮፎን ነው። ከቴፑ የመጣውን ባለ ሦስት ክፍል ጃክ በቀጥታ ብንሰካበት ስልኩ ማዳመጫ የተሰካበት ይመስለዋልና ድምፁን በራሱ ማይክሮፎን ከክፍሉ አየር ይለቅማል፤ ቅጂው ላይ የሚገኘው የዶሮና የሕፃን ጩኸት ነው። የማይክሮፎን መግቢያ ደግሞ ለጥቂት ሚሊ ቮልት የተሠራ ነውና የቴፑን ብርቱ ድምፅ ሲቀበል ያንቀዋል፤ የታነቀ ድምፅ በኋላ በምንም ብልሃት አይስተካከልም። መስመር መቀበያ ያለው ኮምፒዩተር ወይም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ማግኘት ከማናቸውም ወርቅ ጃክ ይበልጣል። ድምፁ አንዴ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ደግሞ የማያያዣው ውበት ዋጋ የለውም፤ የዩኤስቢ ገመድ ቁጥሩን ወይ በትክክል ያደርሳል፣ ወይ ተሳስቶ ይቆራረጣል እንጂ የዘፋኙን ጉሮሮ አያለሰልስም። በወርቅ የተለበጠ የዩኤስቢ ገመድ ድምፅ ያሳምራል የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ዕለፉ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ግን ውዱ ጃክ የተሻለ ሲያሰማ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል አይጠፋም። ዋሽቷል አልልም። ዕቃ ስንገዛ እንነቅላለን፣ እንሰካለን፤ በዚያን ጊዜ አሮጌው ዝገት ይፋቃልና ድምፁ በእርግጥ ይሻሻላል። ምስጋናውን ግን አዲሱ ጃክ ይወስደዋል። ልዩነቱን በእውነት ለማወቅ በመኝታ ክፍላችን ልናደርገው የምንችል ፈተና አለ። አንድ ባልንጀራ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ሳንቲም እየጣለ በአንበሳ ርካሹን፣ በጀርባው ውዱን ጃክ ይሰካ፤ ሁለቱም አስቀድመው የጸዱ ይሁኑ፤ የድምፁም ከፍታ አይነካ። አድማጩ የትኛው እንደ ሆነ 10 ጊዜ ይናገር። በግምት ብቻ የሚናገር ሰው 5 ያህሉን ያገኛል። 9 ወይም 10 በግምት የማግኘት ዕድል ከ1024 ውስጥ 11 ብቻ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው በእርግጥ የሰማው ነገር አለ። 6 አግኝቶ የሚፎክር ግን ገና ምንም አላስረዳም።

ለዕረፍት ወደ ጃጁራም ሆነ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሆሳዕናም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ ለምትሄዱ፣ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ የምትሄዱት ዕቃ ውድ አይደለም። አንድ ጠርሙስ ንጹሕ አልኮል ከመድኃኒት ቤት፣ ጥጥ፣ ጸደዩ ያልላላ አንድ መለዋወጫ ገመድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይበቃል። ቴፑን ከመክፈታችሁ በፊት አጥፉት፣ ስፒናውንም ንቀሉ። ጃኩን በአልኮል በነከረ ጥጥ ጥረጉ፤ የሶኬቱን ውስጥ ደግሞ ጃኩን ራሱን ዐሥር ጊዜ ያህል እየሰካችሁና እየነቀላችሁ አፋትጉት። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ ጠጋኞች አይቻለሁ፤ ለዚያች ቀን ይሠራል፣ ነገር ግን ልባሱ አብሮ ስለሚላጥ በሚቀጥለው ክረምት ዝገቱ በእጥፍ ይመለሳል። ላምባም አትቀቡ፤ ቅባቱ ጥላሸት ይይዛል። የቴፑን ራስ፣ ማለት ክሩ የሚታሸትበትን ብረት፣ በዚያው አልኮል ጥረጉ፤ እሱም ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ውጭ ቢሆን ያው ንክኪ ነው።

ከዚያም በማይቆጭ አንድ የገበያ ካሴት ጀምሩ። ግራውም ቀኙም መሰማቱን፣ ዘፋኙም በመካከል መኖሩን አረጋግጡ። ገመዱን ጃኩ አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት፤ ከተንኮሻኮሸ ለውጡት። ያረጀ ክር ስንት ጊዜ ተጫውቶ ሳይበጠስ እንደሚቆይ አይታወቅምና የሽማግሌውን ካሴት ከዚህ በፊት አታስገቡ። ሲጫወት ደግሞ ባለቤቶቹ አብረው ይቀመጡ፤ ማን እንደሚናገር፣ የማን ሠርግ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደ ተቀረጸ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነገሯችሁንም ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ጨምራችሁ በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።